ሽማግሌ መልሼ ሽማግሌ ፍለጋ፦ ከዱባይ እስከ ዶሃ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር

ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስወጣ ዝናብ ነው። ከቤቴ ሥር ያለው ዓሣ ሱቅ ገና አልተከፈተም፤ ሽታው ግን ተከፍቷል። የጥር ብርድ አጥንት ያኝካል። አውቶቡስ በማጸዳበት ጋራዥ አንድ ጋናዊ ሺፍቴን ተቀብሎኛል። «ዱባይ? ሆሊዴይ ነው?» ሲለኝ «አዎ» ብዬው አለፍኩ። እንዴት ብዬ ላስረዳው?

ልጄ ሂሩት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ትቻት ስወጣ ሦስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ስትሞት ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ዱባይ ወስዶ አሳደጋት። የእኔ የመኖሪያ ወረቀት ለንደን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ሲመጣ «ትምህርቴን እዚሁ ልጨርስ» አለች። ጨረሰች። ሥራ ያዘች። አሁን ደግሞ ዶሃ የሚሠራ ኤሌክትሪሽያን ሽማግሌ ሊልክባት ነው፤ ነገ ዓርብ ይመጣሉ። ለሽማግሌ መልስ የሚሰጠው አባት ነው። ሌላ ምንም ያልሰጠኋት ሰው፣ ይቺን አንዲት ቃል እንኳ እኔ እሰጣታለሁ ብዬ ትኬት ቡክ አደረግኩ።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እዚሁ ለንደን፣ ብሪክስተን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚሰጥ ትምህርት። ጽሑፌ ከጎረበጣችሁ ጸሐፊውም እንደዚያው ነው።

ሐሙስ፣ አመሻሽ፣ ዱባይ

የአውሮፕላን ማረፊያው ወለል ፊት ያሳያል። የእኔን ደክሞት አሳየኝ። ደምሴ በሩ ላይ ቆሟል፤ ወፍሯል፣ አምሮበታል። «ወንድም ጋሼ!» ብሎ ጉልበቴን ሊስም ዝቅ አለ። ከኋላው ሂሩት፦ «ወንድም ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጣህ!»

ሰማችሁ? ወልጃት «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለኝ። ሕፃን ሆና ደምሴ በስልክ ሲጠራኝ የሰማችውን ያዘች። እሱን ግን «አባዬ» ትለዋለች። ምን ታድርግ? ልጅ የሚጠራው ሲጠራ የሚመጣለትን ነው።

መንገዱ ስንት መኪና ጎን ለጎን እንደሚያስኬድ መቁጠር ጀምሬ ተውኩት። ደምሴ በአንድ እጁ እየነዳ በአንዱ ያሳየኛል። «ያ የዓለም ረጅሙ ፎቅ ነው። ያኛው ደግሞ ሆቴል ነው።» የገዛ በጎቹን የሚቆጥር ነው የሚመስለው።

«አንተ ስንተኛው ፎቅ ላይ ነህ?» አልኩት።

«ኧረ እኔ አሮጌው ሰፈር፣ ዴራ ነኝ፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱም ይበላሻል» ብሎ ሳቀ። ስትወጋው አይደማም። የእሱ ክፋት ይኼ ነው።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ሂሩት። ሂሩት ዩኒፎርም ለብሳ፣ ሂሩት ጥርሷ ወልቆ፣ ሂሩት ስትመረቅ፣ ሁሉም ላይ ደምሴና ሚስቱ አልማዝ። እኔ አንዱም ላይ የለሁም። አልነበርኩም፣ ስለዚህ ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው የሚያንጨረጭረኝ።

እራት ላይ ስለ ዶሃ ጠየቅኩ። ደምሴ እጁን አወራጨ። «ዶሃ የዱባይ ታናሽ እህት ናት። የእኛን ልብስ አሳጥራ ትለብስና ‹ከእኔ ነው ያያችሁት› ትላለች።»

«አባዬ ደግሞ! ልሄድባት ነው እኮ» አለች ሂሩት።

እኔ በሆዴ፣ ደምሴ ካልወደዳት ጥሩ ከተማ መሆን አለባት አልኩ።

ዓርብ፣ ዱባይ

ጠዋት ሂሩት ወደ ወንዝ የመሰለው ባሕር ወሰደችኝ። በእንጨት ጀልባ በአንድ ድርሃም ያሻግራሉ። ፓኪስታኑ፣ ፊሊፒኖው፣ ሐበሻው ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ይቀመጣል። የዓረብኛውን ጽሑፍ እያነበበች ትተረጉምልኛለች፤ እኔ የአማርኛውን ለማወቅ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አሰብኩ። «ከዐቢይ ጾም በፊት ካልሆነ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም» አለችኝ። «ቀኑ ጠባብ ነው፣ ወንድም ጋሼ።» ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ሰባት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ከዶሃ ደረሱ። ሦስት ናቸው፤ ሱፍ ላይ ነጠላ። ታላቃቸው ጋሽ ሽመልስ የኩባንያ ሾፌር ናቸው። አልማዝ የጾሙን ደርድራዋለች፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን። «ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም» ብለው በሩ ሥር ቆሙ። ወጉ ነው።

ጋሽ ሽመልስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ደምሴ ዞረው፣ «አቶ ደምሴ፣ ልጅዎን ለልጃችን…» ብለው ጀመሩ።

ደምሴ ቶሎ አቋረጣቸው። «አባቷ ወንድሜ ነው። የምትጠይቁት እሱን ነው።» ሰውዬው ደንግጠው ወደ እኔ ዞሩ፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ እንደ አዲስ ጀመሩ። ግን አንዴ ተብሏል። ጆሮዬ ሌላውን አልሰማም።

ሲጨርሱ «ልጅ በአንድ ቀን አይሰጥም» አልኩ። «እንመካከራለን። ሄዳችሁ ተመለሱ።»

ይኼም ወግ ነው። ማንም ጥፋት ሊለኝ አይችልም። ደምሴ ጆሮዬ ሥር መጣ። «ወንድም ጋሼ፣ በአውሮፕላን ነው የመጡት። ዓርብ ብቻ ናት ዕረፍታቸው።»

«እኔስ ከለንደን በእግሬ ነው የመጣሁት?»

እጅ ነስተው ወጡ። ምግቡን ማንም አልነካውም።

ሂሩት ሳህኖቹን እያነሳች ዓይኔን ሳታይ ጠየቀችኝ። «ወጉን ጠብቀህ ነው ወይስ አባዬን ልታሳየው?»

የሽሮውን ሳህን አንስቼ አቀበልኳት።

«እነሱ ሌላ የዕረፍት ፈቃድ አያገኙም። መልሱ በስልክ ደግሞ አይሆንም ብለዋል። ስለዚህ አንተ ሂድ።»

አባት ሽማግሌ ፍለጋ ሲሄድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የመመለሻ ትኬቴን በዶሃ በኩል ቼንጅ አደረግኩ።

ቅዳሜ፣ ዶሃ

በረራው ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ዶሃን ልወድ ቆርጬ ነው የወረድኩት፤ ለእልህ። ለመውደድም አታስቸግርም። ጸጥ ያለች፣ የታጠበች ናት፤ ባሕሩ እንኳ ተፈቅዶለት የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ወተት ሻይ በሦስት ሪያል ጠጣሁ፤ ሄል የበዛበት፣ ትኩስ፣ ግሩም ነው።

ጋሽ ሽመልስ ሥራቸውን ጨርሰው በኩባንያው ሚኒባስ ወሰዱኝ። ቂም የለባቸውም፤ ወይም ደብቀውታል። «እንኳን ከዚያ ጫጫታ ወጡ! ዱባይ ገበያ ናት። ዶሃ ቤት ናት። እዚያ ሁሉም ለታይታ ነው፤ ሰዉም እንደ ፎቁ ነው።»

ይህን ስድብ ሁለት ቀን ሙሉ ስጠብቀው ነበር። መሳቅ ነበረብኝ። አፌ ግን ሌላ ተናገረ። «ዱባይ ልጄን አሳድጋለች» አልኩ። «በአንድ ድርሃም ባሕር የሚያሻግር ከተማ ገበያ ብቻ አይባልም። እዚህ በስንት ያሻግራሉ?»

«ኧረ እርስዎ! በሁለት ቀን የዱባይ ሰው ሆነው አረፉት!» ብለው መሪውን እየመቱ ሳቁ።

በራሴ ተናደድኩ። ለማን ነው የተሟገትኩት? ከዚያ የባሕር ዳርቻውን፣ ንጹሑን መንገድ፣ ሕፃን በጋሪ የሚገፉትን ሴቶች ሳይ በዶሃም ቀናሁ። አንዱ ከተማ አሳደጋት፣ ሌላው ሊወስዳት ነው። ለንደን ምን አደረገ? ለንደን አውቶቡስ አቆሸሸልኝ።

የሽማግሌዎቹ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ስድስት አልጋ። ሁለቱ አልጋ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን፤ ጋሽ ሽመልስም ገብተው አጠገባቸው ተቀመጡ። «ካልተሰማሁ አልቀመጥም» ብዬ በሩ ሥር ቆምኩ።

ጋሽ ሽመልስ ፈገግ አሉ። «ዓርብ የእኛ እግር ነበር። ዛሬ የእርስዎ ነው። ይናገሩ።»

«ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ተያዩ። «ቃልዎ ይከበራል» አሉ ጋሽ ሽመልስ። «ነገር ግን የሄድነው ካሳደጋት ሰው ቤት ነው። ሁለት አባት ያላት ልጅ በአንድ አፍ አትሰጥም። የወንድምዎንም እንስማ።»

«ለእኔ መልሱ በስልክ አይሆንም ብላችሁ?»

«የእርስዎ አይሆንም። የእሳቸው ለመደምደሚያ ነው።»

ነደደኝ። ይኼን ሁሉ አየር አቋርጬ መጥቼ፣ መጨረሻው የደምሴን አፍ መጠበቅ ነው። ደወልኩ። ድምፁን ለሁሉም ከፈትኩት። ጋሽ ሽመልስ ጠየቁት።

«እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ?» አለ ደምሴ። «ወንድም ጋሼ ከተናገረ አለቀ። አባቷ እሱ ነው።»

ቧንቧ ያፈስ እንደሆን እንደሚያይ ሰው ድምፁን ፈተሽኩት። ምጸት የለበትም። ኩራት የለበትም። ይኼን ሁሉ ዓመት የቀናሁበት ሰው አንዲት ክፉ ቃል ቢሰጠኝ በተገላገልኩ። አይሰጥም። ባለ ቤት፣ ባለ ልጅ መሆኑ ሳያንሰው ደግ ነው።

«በሉ፣ ይቀመጡ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። መረቁ። ሩዝ በዶሮ በትልቅ ትሪ መጣ፤ በእጃችን በላን። ከሁሉም የበላሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ለንደን

እዚህ የምድር ባቡሩ የቪክቶሪያ መስመር እንደ ወትሮው ሞቆ ይሸታል፤ ማንም ማንንም አያይም። ሰቨን ሲስተርስ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። ሂሩት ጽፋለች። አውቶቡስ ማቆሚያው ሥር ቆሜ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ በሰላም ገባህ? የሠርጉ ቀን እጄን ይዞ ለሙሽራው የሚያስረክበኝ ማን ይሁን? አባዬን ብጠይቀው ‹እሱን ጠይቂ› አለኝ።»

«እኔ» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። «ደምሴ» ብዬ ጻፍኩ። እሱንም አጠፋሁት። አውቶቡሴ መጥቶ ሄደ። ሦስተኛውን ፊደል በፊደል ጽፌ ላክሁት፦

«ቀኝ እጅሽን ደምሴ ይያዝ። ይኼን ሁሉ ዓመት አጠገብሽ የቆመው እሱ ነው። ግራሽን እኔ እይዛለሁ። ከኋላ ሂድ ብትሉኝ ግን አልመጣም።»