ከአያት ወሎ ሰፈር፦ ሁለተኛ የስልክ መስመር ፍለጋ

ማክሰኞ ጠዋት ከአያት የወጣሁት አንድ ጥንድ የስልክ ሽቦ ፍለጋ ነው። በማግሥቱ የርቀት ትምህርቴን የመጨረሻ የቃል ፈተና በኢንተርኔት እፈተናለሁ፤ ያውም ፊቴና ድምፄ ካልተቋረጡ። ልጆቼን አስተምሬ ከጨረስኩ በኋላ ደብተር የያዝኩ ሰው ነኝና መውደቁ አያምርብኝም። ቤቴ ከስልክ ጣቢያው ስለሚርቅ በአንድ መስመር የሚመጣው ኢንተርኔት ይንጠባጠባል። የሁለት መስመር ፍጥነት አጣምሮ የሚደምር ሞደም ገዝቻለሁ፤ የጎደለኝ ሁለተኛው መስመር ነው።

ወደ ወሎ ሰፈር

መንገዱ ለባቡሩ ሐዲድ ተቆፍሮ ሚኒባሱ በአቧራ ውስጥ ይዞራል። መገናኛ ላይ ረዳቱ «እናት፣ ጠጋ በሉ!» ብሎ አራተኛ ሰው ጎኔ ጠቀጠቀ።

«ወንበሩ የሦስት ሰው ነው» አልኩት።

«ፍቅር ካለ አንድ ባቄላም ለሁለት ይበቃል!»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ወሎ ሰፈር ስልክ ቤት ተሰልፌ፣ ተመልሼ ተሰልፌ፣ አቶ ታምሩ የሚባሉ ቴክኒሽያን ተመደቡልኝ።

መልስ ጉዞ

በመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ ስንመለስ አቶ ታምሩ ሾላ ገበያ ጋ አቆሙ።

«ባለቤቴ በርበሬ አዝዛኛለች።»

«ነገ ፈተና አለብኝ እኮ!»

«ፈተናው ነገ ነው፤ በርበሬው ዛሬ» ብለው ወረዱ። ዛላውን አንድ በአንድ እያሸተቱ ሲመርጡ በመስኮት እያየሁ ተቃጠልኩ።

አያት ደርሰን የሰፈሩን የስልክ ሳጥን ከፍተው በመሞከሪያ ስልካቸው አዳመጡ።

«ይሄ ጥንድ ድምፅ የለውም። የሞተ መስመር ነው፤ ይውሰዱት።»

«አጣርተዋል?»

«ፀጉሬ የሸበተው ሽቦ ሳዳምጥ ነው!»

ቀጠሉልኝ። ሞደሙ ላይ ሁለት አረንጓዴ መብራት በራ። ደስታዬ የቆየው ግን መሰላላቸውን እስኪጭኑ ብቻ ነው።

የእድራችን ስልክ ያለው ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘሃራ ቤት ነው፤ ሰው ሲሞት ለእሳቸው ተደውሎ እሳቸው ለጥሩምባ ነፊው ይነግራሉ። ሲሰግዱ እንዳይጮህባቸው እጀታውን አንስተው ከጎኑ ያስቀምጡታል፤ እንደዚያ ሲቆይ መስመሩ ድምፁ ይጠፋል። አቶ ታምሩ ያዳመጡት ልክ ያን ጊዜ ነበር።

«ስልኬን ምን በላው?» እያሉ ወይዘሮ ዘሃራ ከቤታቸው ወጡ። ነገሩን ሲሰሙ ወደ አቶ ታምሩ ዞሩ። «እኔ በሕይወት እያለሁ መስመሬን ቀበርከው?»

አቶ ታምሩ በርበሬያቸውን አቅፈው ወደ ፒካፑ አፈገፈጉ።

«ይመልሱላቸው» አልኩ።

«ፈተናሽ መቼ ነው?» አሉኝ ወይዘሮ ዘሃራ።

«ነገ ከሰዓት።»

«እንግዲያው ሲያልቅ ይመልስልኝ። የቸኮለ ሟች ካለ ሰው ይላክብኝ!»

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ ሽቦ ድምፅ ባይኖረውም፣ ከመቁረጥ በፊት የጎረቤት በር ማንኳኳት ይገባል። በማግሥቱ ለፈተና ስቀመጥ ወይዘሮ ዘሃራ በርጩማ አውጥተው በራቸው ላይ ተቀምጠው በመስኮት አየኋቸው፤ መርዶ የያዘ ሰው ቢመጣ ወዲያው እንዲያገኛቸው። ፈታኙ የመጨረሻውን ጥያቄ እስኪጨርስ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ከቦታቸው አልተነሡም።