ላስቲኩ ያልተላጠ ታብሌት

ራጉኤል ቤት ውስጥ ምንም ነገር አያረጅም። ፍሪጁ ላይ የፋብሪካው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። ሪሞቱ ላስቲክ ለብሶ ይኖራል። ሶፋው ስትቀመጡበት ይንጫጫል፤ ስትነሱ ደግሞ ከሱሪያችሁ መላቀቅ አይፈልግም። ጎረቤቱ ነኝና ባየሁት ቁጥር እገረማለሁ። ሰው የገዛውን ሁሉ ለማን ብሎ ነው የሚያስቀምጠው?

ሰውየው ሠዓሊ ነው። ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብላ ባለችው ሱቁ የፀጉር ቤትና የሥጋ ቤት ታፔላ ሲስል ኖሯል። የሳለው በሬ ከታፔላው ወርዶ የሚሄድ ይመስል ነበር። ታፔላ በማሽን መታተም ሲጀምር ግን ብሩሾቹ ቆርቆሮ ውስጥ ደርቀው ቀሩ።

ዘንድሮ ዕድል አንኳኳች። የልጆች መጻሕፍት የሚያሳትሙት ወይዘሮ የሺዓለም፣ አትክልት ተራ ስለጠፋች አህያ የተጻፈ ተረት እንዲስልላቸው ጠየቁት። "በታብሌት ይሥሩልኝ። እርማቱን እዚያው እያየን እናስተካክላለን። ከተስማማን መጽሐፉ የእርስዎ ነው" አሉት። ራጉኤል ያን ዕለት ሽፋኑ ላይ ስሙን ብቻውን ተጽፎ አየው።

የታብሌቱ ምርጫ የምናመሽበትን ካፌ አመሰው። ኪቦርዱ ሲነቀል መሳያ፣ ሲገጠም መጻፊያ የሚሆን እንዲገዛ ሁሉም ተስማማ። የቀረው የትኛው የሚለው ነበር።

"ራጉ፣ መኪና እንኳን እንዲህ አይመረጥም" አለው ጓደኛው ተስፋማርያም።

"መኪና ሳትገዛ በምን አወቅክ?"

በመጨረሻ እኔን አስከትሎ ፒያሳ፣ ኤሌክትሮኒክስ ከሚሸጠው ጸጋይ ሱቅ ገባ። ጸጋይ ባንኮኒው ላይ ለመሞከሪያ ያስቀመጠውን ታብሌት ገፋ አደረገልን። ብዕሩን አነሳሁ። ቀስ ስል መስመሩ እንደ ፀጉር ቀጠነ፤ ጫን ስል እንደ ጎርፍ ሰፋ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

"ስንት ሰው ነክቶታል?" አለ ራጉኤል።

"ጋሼ፣ ሳይነካ እንዴት ይመረጣል? ከዚህ ዓይነቱ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።"

"እኔ ፓክድ ነው የምፈልገው።"

"ፓክድ ያለኝ ይሄኛው ነው። ግን ለሥዕል አይሆንም። ብዕሩን ቢጫኑትም ባይጫኑትም መስመሩ አንድ ነው።"

"እሽጉ ተፈቷል?"

"አልተፈታም።"

"በቃ ጠቅልልልኝ።"

ጸጋይ የእስክሪኑን ላስቲክ ልጦ መከላከያ መስታወት ሊለጥፍለት ሲል እጁን ያዘው። "ላስቲኩ ላይ ለጥፈው።" ጸጋይ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ቀጠሮው ሥላሴ አካባቢ፣ ወይዘሮ የሺዓለም ቢሮ ነበር፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። ራጉኤል አህያዋን የጀመረበትን ታብሌት ከፎጣ ውስጥ እንደ ጨቅላ አወጣው።

"እስቲ የአህያዋን ጆሮ ረዘም ያድርጉት" አሉ።

ብዕሩ መስታወቱ ላይ ተንሸራተተ። ጆሮው አንዴ ተቆረጠ፣ አንዴ አፍንጫዋ ላይ በቀለ።

"ኪቦርዱን ቢነቅሉት ይመችዎታል።"

"እንዳይላቀቅ ብዬ ነው።"

"እንዲላቀቅ አይደል እንዴ የተሠራው?" ሳቁ። "ቢያንስ ይሄን ላስቲክ ያንሱለት።" ጥፍራቸውን ወደ ጠርዙ ሲሰዱ ራጉኤል ታብሌቱን ደረቱ ላይ ለጠፈው።

"ይተዉት፣ አዲስ ነው።"

በዚያች ቅጽበት የያዘው ላስቲኩን፣ የለቀቀው ደግሞ የመጽሐፉን ሽፋን መሆኑን ከእሱ በቀር ሁለታችንም አየን። ወይዘሮ የሺዓለም ወረቀትና እርሳስ ሰጡት። አህያዋ ከእጁ ወጣች። ጆሮዋን አቁማ የምትሰማ፣ በሽንኩርት ጆንያዎች መሀል የምትተነፍስ አህያ።

"እጅዎ ግሩም ነው" አሉ። "እንግዲህ እርሳሱን እርስዎ ይሥሩ። ቀለሙንና እርማቱን እዚህ የምትሠራው ሠዓሊ ሉዋም ትጨርሰዋለች። ሽፋኑ ላይ የሁለታችሁ ስም ይወጣል።"

ሉዋም ከጎን ክፍል ስትገባ አላወቅናትም፤ ታብሌቷን ግን ስናይ ሁለታችንም አወቅነው። የጸጋይ ባንኮኒ ላይ የነበረው፣ ስንቱ የነካካው።

አሁን ራጉኤል በየቀኑ ይስላል። ባለፈው ሱቁ ጎራ ስል ታብሌቱን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ላስቲኩ እንዳለ ላዩ ላይ ወረቀት ዘርግቶ፣ እርሳስ ይቀርጽ ነበር።

"ጠፍጣፋ ነው፣ አይነቃነቅም" አለኝ መስታወቱን በመዳፉ እየዳበሰ። "ለሥዕል እንደሚሆን ነግሬህ አልነበር?"