ለቅስቱ የተቆረጡት ዋንዛዎች

ረቡዕ፣ ጎህ ሲቀድ

አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ነን፤ እኔና የክፍል ጓደኛዬ ጽጌ፣ ሁለታችንም የአርክቴክቸር ተማሪዎች። ተጠቅሎ በላስቲክ የታሰረው ፕላናችን ጭኔ ላይ ነው። ረዳቱ «ጣሪያ ላይ ይጫን» ቢለን እምቢ አልን። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ላለ ቀበሌ የሠራነው ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ስለ ዛፍ፣ ስለ አፈርና ስለ ሐይቁ የሚማሩበት ማዕከል ከነአትክልት ቦታው። ባለፈው በጋ ቦታውን ስንለካ ትልልቅ ዋንዛዎችና አንድ ረድፍ ዘንባባ አገኘን። አንድም ዛፍ እንዳይነካ ስንል ግድግዳውን በመሐላቸው አጣጥፈን አሳለፍነው። ስንቴ ስለን ስንቴ አጠፋን!

ረፋድ፣ ዓባይ በረሃ

ሙቀቱ አያድርስ ነው። ኬላው ላይ ወታደሩ ሁላችንንም አስወርዶ ፕላኑን አስፈታኝ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ልጆች የሚማሩበት ቤት ነው።»

ገለባብጦ አየውና አቧራው ላይ ጣለልኝ። አፌን ልከፍት ስል ጽጌ «ተው፣ በናትህ!» አለችኝ። ማታ ደብረ ማርቆስ አደርን፤ ሽሮው ውኃ፣ አልጋው ቁንጫ በቁንጫ።

ሐሙስ፣ አመሻሽ

ባሕር ዳር ገባን። ዓሣ ጥብስ ሳንቀምስ፣ ሻንጣችንን እንደያዝን ወደ ቀበሌው ገሰገስን። በር ላይ ትልቅ ቅስት ቆሟል። ከላይ እስከ ታች ለምለም ቅጠልና ዘንባባ ለብሷል፤ በቀይ ጨርቅ «እንኳን ደህና መጡ» ተጽፎበታል። የማዕከሉን የመሠረት ድንጋይ የሚያስቀምጥ ትልቅ ባለሥልጣን ነገ ይመጣል አሉን። «ሲያምር!» አለች ጽጌ። እኔም ወደድኩት።

ዓርብ፣ ጠዋት

ከቀበሌው ጀርባ፣ ማዕከሉ የሚሠራበት ቦታ ላይ አንድም ዛፍ የለም። ጉቶ ብቻ! ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል። አንዱ ጉቶ ላይ መምህር ውብሸት ተቀምጠዋል፤ የሰፈሩ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናቸው፤ ዋንዛዎቹን ከተማሪዎቻቸው ጋር የተከሉት እሳቸው ናቸው።

«መምህር፣ ምን ጉድ ነው ይሄ?»

«ለእንግዳው ነው ልጄ። ቅስቱን አላያችሁትም?»

«እርስዎ እያዩ?»

«ጮኽሁ። የቀበሌ ሰዎች እግር ላይ ወድቄ ለመንሁ። ‹ለአንድ ቀን ነው› አሉኝ። ዛፍ ለአንድ ቀን ይቆረጣል?»

ደሜ ፈላ። የቀበሌውን ሊቀመንበር ድንኳን ሲያስተክል አገኘሁት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ስለ ዛፍ ማስተማሪያ ቤት ሊሠራ ዛፉ ይቆረጣል? ኧረ በሕግ አምላክ!»

«እንግዳው በባዶ እንጨት ሥር ይለፍ?»

«ቅጠል ከሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው?»

«እዚህ ቅርብ ነው። ደግሞ ድንኳኑን ይጋርዱ ነበር። ሌላ ይተከላል!» ከዚያ ጠጋ ብሎ «ጓድ ተማሪ፣ ንግግርህ አድኃሪ አድኃሪ ይሸታል» አለኝ። ያቺ ቃል በዚህ ዘመን ሰው ታስበላለች። ጽጌ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ተጎትቼ ሄድኩ፤ ግን ይኸው እስካሁን ያንገበግበኛል። የተማረውም ያልተማረውም አጨብጫቢ የሆነበት አገር!

ዓርብ፣ እኩለ ቀን

እንግዳው በመኪና አጀብ መጣ። ፀሐዩ ስለበረታ ቅስቱ ሥር ቆሞ ፕላኑ ይዘርጋልኝ አለ። እኔና ጽጌ በሁለት ወገን ይዘን ዘረጋነው። ለመዝሙር የተዘጋጁት ተማሪዎች በሰልፍ ቆመዋል፤ መምህር ውብሸት ፊት ፊታቸው።

«እነዚህ ክብ ክቦቹ ምንድን ናቸው?»

መልሱ ከኋላዬ መጣ።

«ዛፎች ናቸው ጌታዬ» አሉ መምህር። «አሁን ከራስዎ በላይ ናቸው።»

ሁሉም አንጋጠጠ። ቅጠሉ መጠውለግ ጀምሯል። ሊቀመንበሩ ፊቱ አመድ መሰለ። እንግዳው ግን ፈገግ አለ።

«በጣም ጥሩ! ሕዝቡ ለተፈጥሮ ያለውን ፍቅር ያሳያል» ብሎ አጨበጨበ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ተከትሎ አጨበጨበ።

መምህር ጭብጨባው እስኪያበቃ ጠበቁ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሩ።

«ልጆች፣ ኑ፤ ትምህርት አለን።»

ሰልፉን እየመሩ ወደ ጉቶዎቹ ሄዱ። ልጆቹ ዙሪያውን ተቀመጡ፤ መምህር ተንበርክከው በጣታቸው የጉቶውን የዕድሜ ቀለበት ያሳዩአቸው ጀመር። ጽጌ ፕላኑን ጠቅልላ ተከተለቻቸው፤ እኔም ተከተልኩ።

ሊቀመንበሩ ከኋላችን «መዝሙሩስ? ኧረ መዝሙሩስ?» እያለ ይጣራል። አንድም ልጅ ዞር ብሎ አላየውም።