አምስቱ ምድጃዎች

ቻንድሮ የአሬራውን ማሰሮ ተሸክማ ወደ ጉብታው ስትወጣ ከማሳዋ የሚሰማው ጫጫታ የገበያ እንጂ የጸሎት አይመስልም ነበር። ሰናፍጩ ተረግጦ ተጋድሟል። ባንድ ወገን ከከተማ የመጡ ሊቃውንት፣ "የአባቶቻችን ቅዱስ መዝሙር የተወለደው እዚሁ ነው፣ በደረቀው ወንዝ ዳር!" ይላሉ። በሌላው ወገን አንድ መነጽራም ፕሮፌሰር፣ "መዝሙሩ ከተራራው ማዶ ከፈረሰኞች ጋር የመጣ ነው! አመድ ስላያችሁ ታሪክ አገኘን አትበሉ!" እያለ ይሟገታል። በመካከላቸው አምስት ጉድጓዶች በአንድ መስመር አፋቸውን ከፍተዋል። ግድግዳቸው በእሳት ቀልቷል። ነጭ የለበሱ ፈረንጆች ዙሪያቸውን ከበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ጉድጓዶቹ የጥንት የእሳት መሠዊያዎች ናቸው ተብሏል።

ቻንድሮ ግን ታውቃቸዋለች። መንደሩም በሙሉ ያውቃቸዋል።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ባሏ በሕይወት ሳለ ለልጃቸው ለሱደሽ ሰርግ የቆፈራቸው ምድጃዎች ናቸው። የሙሽራው ሰልፍ ከበሮ እያስመታ እስከ መንደሩ መግቢያ መጣ። እዚያ ሲደርስ የሙሽራው አባት ከሙሽራዋ ቤት በስጦታ የቀረበለትን ሞተር ብስክሌት አይቶ፣ "መኪና ካልሆነ አልገባም" አለና ሰልፉን ይዞ ዞረ። ድስቶቹ እንደተጣዱ ቀሩ። በዚያ አገር ሰልፍ የተመለሰባት ልጅ ገደ ቢስ ናት፤ የሚያገባት አይገኝም። ባልና ሚስቱ በዚያው ቀን ምድጃዎቹን አፈር አልብሰው ሰናፍጭ ዘሩባቸው። መንደሩም አፉን ዘጋ። የመንደር ልጅ የሁሉም ልጅ ናትና ጉዷን ለባዕድ የሚያወራ የለም። ሱደሽ ኋላ ሩቅ ወረዳ ተዳረች፤ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት።

ያ ያዳናት ዝምታ ነው አሁን እናትዮዋን አንቆ የያዛት። ዘንድሮ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ምድጃዎቹን ሲያወጣቸው ባልዋን የሚባለው የመንደሩ ሹም ወዲያው መሠዊያ ተገኘ ብሎ ፈረንጆቹን ጠራ። ማሳውን አጥሮ ቤተ መቅደስና የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራበት አሰበ። ቻንድሮ ከዚያ ማሳ ሌላ የምትኖርበት ነገር የላትም።

"እንጨቱን የፈለጥህልኝ አንተ አይደለህም?" አለችው ያን ጊዜ። "የኔን ምድጃ መሠዊያ ስትል አታፍርም?"

"አክስቴ፣ ዝም አይነቅዝም" አላት፣ ጢሙን እየጠቀለለ። "ምድጃ ነው ካልሽ ሰው 'የማን ሰርግ?' ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ደግሞ የሱደሽ አማቶች ጆሮ ይገባል። ልጅሽን ከነልጆቿ ከበርሽ ላይ ልታገኚያት ነው የምትፈልጊው?"

ዛሬ ደግሞ የባሰ ነገር ገጠማት። ከሽማግሌዎቹ ጋር ከቤት በወጣ አልጋ ላይ ተቀምጦ ጋያ የሚያጨሰው ባለነጭ ጥምጥም የሱደሽ አማት ጁግላል ነበር። እሱም እንደ ሰው ሁሉ ተአምሩን ሊያይ መጥቷል። ቻንድሮ ለወጉ፣ ፊቷን እንዳያይ፣ ሻሿን እስከ አገጯ ሳበች።

የሚያስፈራትን እሷ ብቻ ነው የምታውቀው። በአምስተኛው ምድጃ ሥር አንድ የናስ ድስት አለ። ለሙሽሮች የሚሰጥ ዕቃ ላይ ስማቸው ይቀረጻል። በዚያም ላይ የሱደሽና የዚያ ሰልፉ የተመለሰው ልጅ ስም ተቀርጿል። ስም ያለበት ዕቃ አይሸጥ፣ አይጣል፤ ባሏ ሳያያት ቀብራው ነበር።

በአምስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ በትንሽ ብሩሽ አመድ የምትጠርገው ኡልሪኬ ናት። አገሯን ጥላ፣ ልቧ የሚያርፍበትን ስትፈልግ ዓመታት የተንከራተተች ጀርመናዊት ናት። የምታድረው ቻንድሮ ቤት ነው፤ "እማ" ትላታለች። የአገሩን ፊደል ከመንፈሳዊ መምህሯ ዘንድ ተምራለች።

"እማ!" ስትል ጮኸች። "ናስ ነው!"

ሕዝቡ ተነሣ። ፕሮፌሰሩ ሳቀ። "ናስ? በዚያ ዘመን? ቀጥሎ ደግሞ ሬዲዮ ታወጡልናላችሁ!"

ኡልሪኬ አረንጓዴውን ዝገት በአውራ ጣቷ አሸች። "ጽሑፍ አለው" አለች። ጫጫታው ቆመ። አንድ በአንድ፣ እንደ ሕፃን ማንበብ ጀመረች። "ሱ... ደ..."

የአሬራው ማሰሮ ከቻንድሮ እጅ ወድቆ ተሰበረ። ቻንድሮ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ድስቱን ነጠቀችና የተጻፈበትን ወገን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

"አክስቴ፣ ወዲህ በይው! የጥንት ቅርስ ነው!" ሹሙ ባልዋን ጠርዙን ያዘ። ጎንበስ ብሎም በጆሮዋ፣ "እኔ ልደብቅልሽ፣ አትሞኚ" አላት።

ያን ጊዜ ገባት። ድስቱ ከእሱ ዘንድ ካደረ ዕድሜ ልኳን በገመዱ ይጎትታታል። ዕለት ዕለት ከመሞት አንዴ መሞት ይሻላል። ክንዱን ገፍታ ወጣች፣ በተሸፈነ ፊቷ ሄዳ ጁግላል ፊት ቆመች።

"አማቼ፣ ይሄ መሠዊያ አይደለም። የሰርግ ምድጃ ነው። የሱደሽ። ሰልፉ ከደጃችን ተመልሷል። ደብቄያችሁ ነው የዳርኳት።"

ጁግላል ድስቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

"ሰማህ ጋሼ?" አለ ሹሙ ባልዋን ድምፁን ከፍ አድርጎ። ማሳው ከእጁ ሲያመልጥ ልቡናው አብሮ አምልጦታል። "ገደ ቢስ ናት የዳሩልህ! ሰልፍ ከበር የተመለሰባት!"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የጋያውን ቱቦ ከአፉ አወጣ። "የመንደሩን ልጅ ጉድ? ለእንግዳ? ከዛሬ ጀምሮ አንተ ከዚህ ጋያ አትስብም።" ቱቦው ባልዋንን አልፎ ወደ ቀጣዩ ሰው ሄደ። ከባልዋን አጠገብ የቆሙት አንድ ሁለት እርምጃ ራቁ።

ጁግላል ወደ ቻንድሮ ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ "ልጄን ስድር ሳልጠይቅ የምድር መስሎሽ ነው?" አላት። "ሳላጭ በፊት ሰምቻለሁ። አንቺ ግን ሰው ፊት አወጣሽው። አሁን ሰው ፊት መልስ መስጠት አለብኝ።"

ሰው ሁሉ ጁግላልን ያይ ነበር። እሱ ድስቱን ብብቱ ውስጥ አደረገ።

"የምራቴ ዕቃ ነው" አለ ጮክ ብሎ። "ዘግይቶ ደረሰ። የዚያን ሰውዬ ስም አንጥረኛ ይፍቀዋል።"

ሊቃውንቱ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ስለ ሌላ ጉብታ ይከራከሩ ነበር። ፈረንጆቹ ምንጣፋቸውን ጠቀለሉ። ኡልሪኬ ብቻ ከጉድጓዱ አልወጣችም።

"ምን ነበር የሚበስልበት፣ እማ?"

"ሩዝ፣ ምስር፣ ጣፋጩም ነበር። የበላው ግን የለም።"

ኡልሪኬ አመዱን በመዳፏ ዘግና ያዘች። "እኔ እዚህ ተቀምጬ ነበር ልቤ ያረፈው።"

ቻንድሮ ሻሿን ከፊቷ ገለጠች። "እንግዲያ ከዚያ ድግስ የቀመስሽ አንቺ ብቻ ነሻ! ነይ ውጪ፣ አሬራው ፈሷል፤ ሌላ እንናጥ።"