አንወጣም ያልንበት ምሽት

የያዙኝ መካኒሳ አቦ አካባቢ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው በትሕትና «መምህር፣ አንዴ ለጥያቄ እንፈልግሃለን» አለኝ። እጄ ላይ ገና የጠመኔ አቧራ አለ። በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነስቼ ስለተናገርኩት መሆኑ ገብቶኝ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ መናገር ተፈቅዷል ሲባል ያመንን ብዙ ነበርን።

ያስገቡኝ ላፍቶ ውስጥ፣ ቀድሞ የሳሙና መጋዘን የነበረ ቤት ነው። መስኮት የለውም። ከበሩ በላይ አንድ ብሎኬት ተነቅሎ የቀረ ቀዳዳ አለ፤ አየር የሚገባው በዚያ ብቻ ነው። ከሃያ በላይ ሰው ነበርን። የትንፋሻችን እርጥበት ቆርቆሮው ላይ ይጠራቀምና ጠዋት ጠዋት ይንጠባጠብብናል። የባዮሎጂ መምህር ነኝና ጠብታው ፊቴ ላይ ሲያርፍ ከማን ሳንባ የወጣ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። መጀመሪያ ይቀፈኝ ነበር። በኋላ ለመድኩት።

አጠገቤ የሚተኙት ከፉሪ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ጥፋታቸው የልጃቸው መፈለግ ነው። «ልጅህን አምጣና ትፈታለህ» ተብለዋል። የት እንዳለ ያውቁ ይሆን? ጠይቄያቸው አላውቅም። እዚያ ቤት፣ የማታውቀውን ነገር ማንም ሊያወጣጣህ አይችልም።

ሽንት ቤት የምንወጣው ጠዋትና ማታ ነው። በመሃል የመጣበት ይይዛል። አንድ ጠዋት ሽማግሌው ከዚያ ሲመለሱ ፊታቸው በላብ ርሶ አየሁ።

«ምን ሆኑ አባባ?»

«እምቢ አለኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ከትናንት ጀምሮ እምቢ ብሎኛል።»

ቀትር ላይ ጉልበታቸውን አቅፈው «ያ ዋቃ፣ ያ ዋቃ» እያሉ በኦሮምኛ ፈጣሪያቸውን መጥራት ጀመሩ። አስፈቅጄ ሆዳቸውን ብነካው ከእምብርታቸው በታች እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ሄጄ በሩን ደበደብኩ።

«ምንድነው?» አለ ጠባቂው ከውጭ።

«ሽማግሌው ሽንታቸው ታግዷል። ሐኪም ካላያቸው ይሞታሉ።»

«ማታ ሲከፈት ይሸናል» ብሎ ሄደ።

ከወላይታ የመጣ አንድ መካኒክ አብሮን ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚዘምር ጴንጤ። ተጠግቶኝ «መምህር፣ ውስጣቸው ምን እየሆነ ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ደም የበላነውን ይዞ እየዞረ ለየአካሉ ያድላል፤ ሲመለስ ቆሻሻውን ይዞ ይመጣል። ኩላሊት አጣርቶ ወደ ፊኛ ይልከዋል። መውጫው ከተዘጋ ግን ፊኛው ይሞላና ወደ ኩላሊት ይመልሳል፤ ኩላሊት ሲደክም ቆሻሻው ደም ውስጥ ይቀራል። ስንት ዓመት በባለቀለም ጠመኔ ሰሌዳ ላይ የሳልኩት ነገር ነው። የዚያን ቀን ስናገረው ግን ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር።

«በገዛ ቆሻሻው ይመረዛል በለኛ» አለ መካኒኩ።

«አዎ።»

ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ወንድሞች፣ ማታ ሲከፈት አንውጣ። እሳቸው ሳይሄዱ ማንም ንቅንቅ አይበል።»

ያጉረመረመ ነበር። አንድ ወፍራም ነጋዴ ደግሞ እንደ ማፈር ብሎ «እኔ ስኳር አለብኝ። መያዝ አልችልም» አለ። እውነቱን ነው፤ ማታ በሩ ሲከፈት ሁልጊዜ ቀድሞ የሚሮጠው እሱ ነው። «አንተ ውጣ፣ ማንም አይቀየምህም» አልነው።

በሩ ሲከፈት ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ጠባቂው «ውጡ!» አለ። ማንም አልተነሳም። ነጋዴውም ቁጭ ብሎ ቀረ።

«አልሰማችሁም እንዴ?»

«እሳቸው ሐኪም ቤት ይሂዱ፣ ከዚያ እንወጣለን» አለ መካኒኩ።

«ቤቱን ብታበላሹት በምላሳችሁ ነው የምታጸዱት!»

ጠባቂው ሄዶ ኃላፊውን ጠራ። ኃላፊው ደጃፉ ላይ ቆሞ አንድ በአንድ አየን። ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ስያዝም አልፈራሁም። ሽንቴን እንደያዝኩ ወለሉን እያየሁ ነበር። ሲሚንቶው ላይ ውሃ ሲሄድ ያየሁት በዚህ መሃል ነው። ከነጋዴው ስር ይመጣል። እሱ አልተንቀሳቀሰም። ቀና ብሎ ኃላፊውን ፊት ለፊት ያየዋል፤ እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል። ማናችንም ወደ እሱ አልዞርንም።

ኃላፊው ውሃውን አየ። ከዚያ ሽማግሌውን አየ።

«መኪና አምጡ» አለ።

መካኒኩና እኔ ሽማግሌውን ደግፈን አነሳናቸው። መቆም አቅቷቸው፣ ከንፈራቸው ነጥቶ ሳለ፣ በነጋዴው አጠገብ ስናልፍ «ቆዩኝ» አሉን። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ነጋዴው ጭን ላይ ጣል አደረጉለት።

«ይበርድሃል ልጄ» አሉት።

በማግስቱ ቱቦ ገብቶላቸው፣ የሽንት ከረጢቱን በእጃቸው ይዘው ተመለሱ። ነጋዴው ጋቢውን አጥቦ አድርቆ ጠበቃቸው። ከዚያ በኋላ በሩ ሲከፈት ከረጢቱን የሚይዝላቸው እሱ ነበር።

እኔ ቀድሜ ተፈታሁ። እሳቸው ከወራት በኋላ ተለቀቁና ኦፕራሲዮን ተደርገው ዳኑ። ፉሪ ድረስ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ልጃቸው አልተመለሰም ነበር፤ ስለ እሱ አላወራንም። የበሉትንና ያልበሉትን፣ እንቅልፋቸውንና ዝናቡን አወራን።

እኔም ወደ ማስተማሬ ተመልሼ ጡረታ እስክወጣ እዚያው ሰፈር ቆየሁ። የሰውነት ቆሻሻ እንዴት እንደሚወገድ የሚያስተምረው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ሥዕሉን እንደ ድሮው እስል ነበር፤ የማውቀውን ሁሉ ግን አልናገርም ነበር። አንድ ልማድ ብቻ አብሮኝ ቀረ። ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ልውጣ?» ሲለኝ የት ብዬ ጠይቄ፣ ቆይ ብዬ አላውቅም። «ያላግጡብሃል እኮ፣ ትምህርት ሰልችቷቸው ነው» ይሉኝ ነበር ባልደረቦቼ።

ሊሆን ይችላል። ይውጡ።