ከእምቦጩ ክምር ጀርባ

ፋብሪካው ሥራ ያቆመ ጊዜ “እንጠራችኋለን” አሉን። እኔ የልብስ ስፌት ክፍል ነበርሁ። ክሩ ከውጭ አልገባ ሲል፣ መብራቱም ጠዋት መጥቶ ከሰዓት ሲጠፋ፣ መጀመሪያ የማታው ፈረቃ ቀረ፤ ቀጥሎ የቀኑም። ስልኬን ከእጄ ሳልለይ ከረምሁ። የጠራን የለም። ባለቤቴ ግንበኛ ነው። ባሕር ዳር ላይ ግንባታው ሁሉ ባለበት ስለቆመ ከጓደኞቹ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ። እሱ ከሄደ በኋላ መንገዱ ተዘጋ። ስልኩም አንድ ቀን ቢሠራ ሳምንት ይጠፋል። ሦስት ዓመት ካልደፈነች ልጄ ጋር አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ቀረሁ።

ቀበሌው ለችግረኛ ቤተሰብ የድጋፍ ሥራ ሊያስጀምር ነው ሲባል የሰማሁት በዚህ መሀል ነው። ሥራው የጣናን ዳር ማጽዳት ነበር፤ እምቦጭ የሚባለውን መጤ አረም ከውሃው እየነቀሉ ማውጣት፣ መከመር፣ ሲደርቅ ማቃጠል። የመዘገበችን የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ፊቷ የማይከብድ ሴት ነበረች። ልጄን አቅፌ ስታየኝ፣ “አታስቢ፣ የሕፃናት ማቆያ ተዘጋጅቷል” አለችኝ።

እውነትም ተዘጋጅቶ ነበር። ከሥራ ቦታችን ብዙም ሳይርቅ አንድ ቤት አለ፤ ግድግዳው ላይ ዝሆንና ቀጭኔ ተስሎበታል። በመስኮት ስናይ ፍራሾቹ ላስቲካቸው እንኳ ሳይቀደድ ተደርድረዋል። በሩ ግን ተቆልፏል። ውሃ አልገባለትም፤ ለሞግዚት መቅጠሪያ የሚሆን በጀትም አልተለቀቀም አሉን። መቼ ይከፈታል ብለን ስንጠይቅ መልሱ ሁሌም “በቅርቡ” ነበር።

ማቆያው ሳይከፈት ክልከላው ቀድሞ መጣ። ሕፃን ይዞ ሥራ ቦታ መገኘት አይቻልም ተባለ። አስተባባሪያችን ገና ከኮሌጅ የወጣ ልጅ እግር ነው።

“ጠልቼ አይደለም እህቶቼ” ይለን ነበር። “እዚህ ውሃ ዳር አንድ ነገር ቢደርስ ተጠያቂው እኔ ነኝ።”

ለተወሰነ ጊዜ ጎረቤቴ ያዘችልኝ። እሷም ሐሙሲት ገበያ እየተመላለሰች ሽንኩርት መነገድ ስትጀምር ልጄን የማስቀምጥበት አጣሁ። ብቀር የዚያን ቀን ክፍያ የለም፤ ደጋግማ የቀረች ደግሞ ትሰረዛለች። ስለዚህ ይዣት ሄድሁ። እንደኔ ያሉ ሌሎች እናቶችም ነበሩ። አውጥተን የምንከምረው እምቦጭ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ከጀርባው አንድ ዋርካ አለ። ልጆቹን ጥላው ሥር አስቀምጠን በየተራ ብቅ እያልን እናያቸዋለን። አስተባባሪው ያውቃል። ግን ወደዚያ በኩል አይሄድም ነበር።

ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡ አንዲት እናት አብረውን ነበሩ፤ የዘጌ ሰው፣ የቄስ ባለቤት የነበሩ። ባላቸው ሲያርፉ ከተማ ልጃቸው ዘንድ መጡ፤ ልጃቸው ሥራ ሲፈታ ደግሞ እሳቸው ከእኛ ጋር ጭቃ ውስጥ ገቡ። “እማማ” እንላቸዋለን። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አረሙን ከዳር ተቀብለው ይከምራሉ። ልጆቹን ብዙ ጊዜ የሚያዩልንም እሳቸው ነበሩ።

አንድ ጠዋት አስተባባሪው እየሮጠ መጣ።

“ከበላይ እንግዶች እየመጡ ነው። ልጆቹን አርቁልኝ፣ እባካችሁ።”

“ወዴት እናርቃቸው?” አለች ከጎኔ የነበረችው።

“እኔ አላውቅም። ብቻ አይታዩ።”

እማማ ልጆቹን ሰብስበው ከዋርካው አልፈው ውሃው ዳር ወደበቀለው ደንገል ጥግ ወሰዷቸው። እኔ እስከ ጭኔ ውሃ ውስጥ ነበርሁ። መኪኖቹ ቆሙ። ከእንግዶቹ መሀል ኃላፊ መሳይ አንድ ሰው በሰልፍ እንድንቆም ፈለገ። ከክምሩ ጫፍ ብቅ ያሉትን እማማን ሲያይም፣ “እናታችንም ይምጡ እንጂ” አለ። እማማ እግራቸው ወደኛ እየመጣ ዓይናቸው ወደኋላ ቀረ። ልጆቹ ብቻቸውን ሆኑ።

ሰውየው ስለ ሐይቁ ተናገረ፤ ስለ ሥራ ፈጠራ ተናገረ። እኔ የምሰማው ሌላ ነበር። መጀመሪያ የልጆቹ ሳቅ ይመጣ ነበር። ከዚያ አንድ ልጅ ሲያለቅስ ሰማሁ፤ የኔዋ አልነበረችም። ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው አልጣመኝም። እማማን አየኋቸው። እሳቸውም እኔን ያዩኛል።

ከልጆቹ ከፍ የምትለዋ ብቻዋን ከክምሩ ጀርባ ወጣች። እናቷ በዓይኗ ተመለሺ አለቻት። ልጅቱ አልተመለሰችም። እኔን እያየች፣ “ሚጣ የለችም” አለች። ሚጣ የምንለው የኔን ልጅ ነው።

አረም የምስብበትን መንሽ ጥዬ ከሰልፉ ወጣሁ። ቦቲ ጫማዬ ውሃ ሞልቶት አላስሮጥ ሲለኝ አውልቄ ወረወርሁት። አስተባባሪው ፊቴ ቆመ።

“ወዴት ነው? ትንሽ ጠብቂ፣ ሊጨርሱ ነው።”

“ልጄ” አልሁት። አልፌው ወደ ዋርካው ሮጥሁ።

ከዋርካው ወዲያ ዓሣ አስጋሪዎች የሚመላለሱባት ቀጭን መንገድ ደንገሉን ሰንጥቃ ወደ ውሃው ትገባለች። በግራም በቀኝም ያልደረስንበት እምቦጭ ተኝቷል። እምቦጭን ላላየ ሰው ልንገረው፤ ከላይ ሲታይ ለምለም መስክ ነው፤ ሐምራዊ አበባ አለው። አዋቂም ባያውቀው ይረግጠዋል። ከሥሩ ጥቁር ውሃ አለ። ልጄ ያን አበባ ትወድ ነበር፤ ሁልጊዜ አንድ ቀጥፌ እሰጣታለሁ። ይህ ትዝ ሲለኝ፣ አረሙ የተዘረጠጠበት፣ የተከፈተ ቦታ ካለ ብዬ በዓይኔ ፈለግሁ። ቢኖር ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር፤ ዋና አልችልም።

ስሟን ጠራሁ። ነፋሱ ደንገሉን ሲያንሿሿው የምትመልስልኝ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ። ሴቶቹ ሰልፉን ትተው መጡ። አንዳንዶቹ ገብተው ውሃውን በእጃቸው ይዳብሳሉ። እማማ “እመቤቴ፣ እመቤቴ” ይላሉ፤ የነጠላቸው ጫፍ ጭቃው ላይ ይጎተታል። አስተባባሪው በቆዳ ጫማው፣ በተተኮሰ ሱሪው ገባና ደንገሉን በክንዱ እየከፈተ ጠፋ። የውሃው ድምፅ ብቻ ይሰማን ነበር። እንዲያ ያለ ጊዜ ይርዘም ይጠር ሰው አያውቀውም።

“እዚህ ናት” የሚል ድምፅ መጣ። “ደህና ናት።”

አንዲት የደንገል ታንኳ ገመዷ ላልቶ ደንገሉ መሀል ገብታ ነበር። ልጄ ውስጧ ቁጭ ብላለች። አስተባባሪው ደረቱ ድረስ ርሶ ተሸክሟት ወጣ። እሷ ከታንኳዋ ስላወጣት ተቆጥታ ትራገጣለች። ተቀብዬ አቀፍኋት። እኔ ነኝ ያለቀስሁት፤ እሷ አላለቀሰችም።

እንግዶቹ ከኋላችን ቆመው ነበር።

“ሕፃናት እዚህ ምን ይሠራሉ?” አለ ኃላፊ መሳዩ።

“ማቆያው ስላልተከፈተ ነው” አለ አስተባባሪው፤ ውሃው ከልብሱ ይንጠባጠባል።

“ታዲያ ማቆያው እስኪከፈት ሕፃን ያላቸው ለምን ቤታቸው አይቆዩም?”

ሰውየው በክፋት አልተናገረም። መፍትሔ ያገኘ መስሎት ነው። በማግሥቱ ትንንሽ ልጆች ያሉን ሁሉ ለጊዜው ሥራ እንድናቆም ተነገረን። “ለደኅንነታችሁ ነው” አሉን።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ ፍለጋ ዞርሁ። አንድ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ይፈልጋል ሲሉኝ ሄድሁ፤ “ልጅሽንስ?” አሉኝ። ሌላ ቦታም ያው ነው። የኪራይ ቤቴን ለቅቄ አብራኝ ፋብሪካ ከነበረች ጓደኛዬ ጋር ተዳበልሁ። ልጄን ሳል ያዛት፤ ሌሊት ደረቷ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ጤና ጣቢያ ስወስዳት የጤና መድኔ የተመዘገበው በድጋፉ በኩል ስለነበር እሱም አብሮ መቆሙን ነገሩኝ። ነርሷ አዝናልኝ በነጻ አየቻት። መድኃኒቱን ግን ከውጭ ግዢ አለችኝ። ለሠርጌ የተሰጠኝን የጆሮ ጌጥ የሸጥሁት ያን ቀን ነው። ለባለቤቴ ስደውል ስልኩ አይጠራም። በሕይወት መኖሩንም አላውቅም ነበር።

እማማ አልተሰረዙም፤ ግን እሳቸው ናቸው ፈልገው ያገኙኝ።

“ተነሺ፣ ጽሕፈት ቤቱ እንሂድ” አሉኝ። ሌሎቹንም እናቶች ሰብስበው ነበር። የመዘገበችን ሠራተኛ ስታየን ከወንበሯ ተነሣች።

“እርስዎ እኮ ከሥራ አልቆሙም እማማ።”

“አውቃለሁ ልጄ። የመጣሁት የዚያን ቤት ቁልፍ እንድትሰጪኝ ነው።”

“ቁልፉን ምን ያደርጉታል?”

“ሞግዚት የለም አላችሁ። እኔ አለሁ። ለአረሙ የምትከፍሉኝን ለልጆቹ ክፈሉኝ።”

“ለሞግዚትነት ሥልጠና ያስፈልጋል።”

“እንግዲያው አሠልጥኑኛ።”

“ሥልጣኑ የኔ አይደለም፤ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነው” አለች ሠራተኛዋ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ኮሪደሩ ላይ ልጆቻችንን ይዘን ተቀመጥን። በማግሥቱም ተመልሰን ተቀመጥን። ልጆቹ አለቀሱ፣ ሸኑ፣ ወረቀት ቀደዱ፤ እማማ ማንንም ዝም አላሰኙም። በሁለተኛው ቀን አስተባባሪው መጣ፤ ማንም አልጠራውም። ኃላፊው ከቢሮው ሲወጣ ፊቱ ቆሞ፣ “ልጆቹን አይታዩ ብዬ ያዘዝሁ እኔ ነኝ። የሆነው በነሱ ጥፋት አይደለም” አለ። ኮንትራቱ እንደኛው የአጭር ጊዜ ነው።

ኃላፊው እኛንም እሱንም አየ። “ለሙከራ ይሁን” አለና ገባ።

ማቆያው በዚህ ተከፈተ። ውሃ ስለሌለው በየተራ በጀሪካን እንቀዳለን። መጸዳጃ ቤቱ አይሠራም፤ ልጆቹ ውጭ ይወጣሉ። እኛ ወደ ሥራችን ተመለስን፤ ያለፉት ሳምንታት ክፍያ ግን ቀረ። አንደኛዋ እናት አልተመለሰችም፤ መራዊ ወላጆቿ ዘንድ ሄዳለች አሉ። መድኑም ወዲያው አልተስተካከለም። አስተባባሪው ኮንትራቱ ሲያልቅ አልታደሰለትም። በዚያ ምክንያት ይሁን አይሁን የነገረን የለም።

ባለቤቴ መንገዱ ሲከፈት ወባ አድቅቆት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ሳየው መጀመሪያ አልለየሁትም። ሲሻለው ልጃችን ደንገል ውስጥ የጠፋችበትን ቀን ልነግረው ጀምሬ አቋረጥሁት። ሌላ ጊዜ ነገርሁት።

ክረምቱ ሲገባ የድጋፍ ሥራው አለቀ፤ ማቆያውም ተዘጋ። እማማ አሁን በልጃቸው ግቢ ልጆች ይይዛሉ። እኔ ቀበሌ አሥራ አራት አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ መብራት ባለ ጊዜ። ጠዋት ልጄን እማማ ዘንድ አደርስና በእግሬ እሄዳለሁ። አንዳንድ ቀን እማማ ያማቸዋል። ያን ቀን ልጄ ስፌት ማሽኑ ሥር፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ ላይ ተኝታ ትውላለች። አሠሪዬ እስካሁን ምንም አላለኝም።