ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የነበረው ባንድ

ከሪም ከበሮ መቺው ነበር፤ አባቱ ከሆሳዕና አንጋጫ በሚመላለስ ሚኒባስ የሚተዳደሩ ሐጂ ናቸው። ቤዝ ጊታሩን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ከኋላ የሚቆመው ምሕረቱ፣ የአንጋጫ መምህር ልጅ። ዘፋኙ ተመስገን ደግሞ የእኔው የበኩር ልጅ። እኔ ማቴዎስ ባለ ወፍጮ ነኝ እንጂ ከባንዱ አልነበርኩም፤ ቤቱ የእኔ ስለነበረ ግን ስሜ እስከ ዛሬ ከእነሱ ጋር ይነሣል።

ዛሬ ጠዋት ድንጋዩን ከሞተሩ ጋር የሚያዞረው የወፍጮዬ ቺንጋ እየተንሸራተተ ጋለና የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ከበቆሎ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ቤቱን ሞላው። ሞተሩን አጥፍቼ ቺንጋውን ሳጠብቅ ዐይኔ ከኋላ ወዳለው መጋዘን ሄደ፤ ልጆቹ ድምፅ እንዳይወጣ ብለው የበሩን ሽንቁር የወተፉበት የጆንያ ቁራጭ አሁንም እዚያው ነው። አጠገቤ ባገኘሁት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ደንበኞቼ የደከመኝ መስሏቸው እህላቸውን አውርደው ጠበቁኝ፤ እርግጥም ደክሞኛል።

እኔ ፊደል የለየሁት ከመዝሙር መጽሐፍና ከጆንያ ላይ ጽሑፍ ነው፤ የወፍጮ ድንጋይ መውቀርንም ጣቴን እያቆሰልኩ ብቻዬን ተማርኩ። ስለዚህ ለልጄ የምሰጠው ምክር አጭርና ደረቅ ነበር፦ ሥራ፣ ጸልይ፣ እዚሁ ሁን። የመጨረሻውን ያልኩት በከንቱ አልነበረም። ያኔ የከተማችን ወጣት ልቡ ደቡብ አፍሪካ ነበር፤ የወንድሜ ልጅ በዚያ መንገድ ወጥቶ ደብዛው ጠፍቷል፣ እናቱ ዛሬም በር ሲንኳኳ ከሁሉ ቀድማ ትነሣለች። ኢሞ የሚባለው የስልክ መደዋወያ መጥቶ በየቤቱ ልጆች ስክሪን ላይ አፍጥጠው ከዚያ ማዶ ካሉት ጋር ሲያወሩ ሳይ፣ ለእኔ ኢሞ ማለት የጉዞ መጀመሪያ ማለት ሆነ።

እንግዲህ አንድ ቀን ተመስገን ከሁለቱ ጓደኞቹ ጋር ፊቴ ቆሞ፣ "አባ፣ መጋዘኑን ስጠን፤ ኢሞ ልንጀምር ነው" ሲለኝ ደሜ ፈላ።

"ደላላው ማን ነው? ንገሩኝ!"

ከሪም ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን አዞረ። "ስልኩ አይደለም ጋሼ፤ የሙዚቃ ዓይነት ነው። ሮክ ነው፣ ግን የሚያዝን ሮክ።"

"ምን ሆናችሁ ነው የምታዝኑት?"

እፎይታዬን በቁጣ ሸፍኜ ቁልፉን ሰጠኋቸው። ዘፈን የምወድ ሰው አይደለሁም፣ ቤተ ክርስቲያናችንም አትወድም፤ ሆኖም ጊታር የያዘ እጅ ሻንጣ አይይዝም ብዬ አሰብኩ። አባት ልጁን ከገደል ለማራቅ ሲል ከጭቃ ጋር ይስማማል።

የሚለማመዱት ወፍጮው ሲፈጭ ብቻ ነበር፤ ጎረቤት አይሰማም፣ እኔም አልሰማም። ጊታሮቹ ያገለገሉ ነበሩ፤ የከሪም ከበሮ ግማሹ በርሜልና የዘይት ጀሪካን ነበር። ለእኔ የሚደርሰኝ ከእግሬ ሥር የሚንቀጠቀጠው ወለል ብቻ፣ ያም የድንጋዩ ይሁን የእነሱ አልለየውም። ወጣት ሁሉ ተደራጅ የሚባልበት ዘመን ነበርና የቀበሌው ሰው መጥቶ "በምን ዘርፍ ነው የተደራጃችሁት?" ሲላቸው፣ ምሕረቱ አንገቱን ሳያቀና "በሐዘን" አለው። ሰውየው ጽፎ ሄደ።

ማንም አላሳተማቸው፣ ማንም አልደገፋቸው። በስልክ የቀዱት ዘፈን ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ እየተገለበጠ በባጃጅ ከተማውን ዞረ፤ ሙዱላ ገበያ ላይ ሰማሁት የሚል እህል ሻጭ እንኳ መጣ። አንጋጫ በትምህርት ቤት መዝጊያ ቀን ሲጫወቱ ሴት ተማሪዎች አለቀሱ ተባለ። ከዚያ ወዲያ የባጃጅ ነጂዎች የእኔን ወፍጮ ቤት "ለቅሶ ቤት" ብለው ሰየሙት፤ "ለቅሶ ቤት ወራጅ አለ?" እያሉ ደጄ ላይ ሰው ያራግፉ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ሳለ መብራት ጠፋ። ሞተሩ እያቃሰተ ቆመ፣ ጊታሮቹም ጸጥ አሉ፣ ከሪምም መምታቱን ተወ፤ ዐይኑን ጨፍኖ የሚዘፍነው ልጄ ግን ልብ አላለም። ድምፁ ብቻውን በተወተፈው ሽንቁር አልፎ መጣ፦ "ይሰማሃል ወይ፣ አባ? ይሰማሃል ወይ?"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ላምቦሬ ጆንያቸውን እንደተደገፉ፣ "ወንድም ማቴዎስ፣ ይህ ልጅ ታሟል ወይስ ተበድሏል?" አሉኝ።

አንዲት ገበያተኛ ዱቄት ያነጣውን ቅንድቧን አንሥታ፣ "ልጁ እኮ እየጠየቀ ነው፤ ይመልሱለት እንጂ!" አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

"መብራት ሲመጣ" አልኩ እኔም። መብራቱ መጣ፣ ወፍጮው ጮኸ፣ ነገሩም በዚያው ተፈጨ።

ሽማግሌዎቹ ተመስገንን ከመዘምራን አገዱት። እኔ ፊታቸው ቆሜ፣ "ልጅ ቢጮህ እቤቱ ነው የጮኸው" ብዬ ተከራከርኩ። አልረታሁም፤ ቁልፉን ግን ከልጄ አልነጠቅኩም።

ባንዱን ያፈረሰው ይህ አልነበረም። የከሪም ታላቅ ወንድም ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቶ "ና" አለው፤ ያለውም በኢሞ ነው፣ በእኔው መጋዘን፣ በልምምድ መካከል። ተመስገን፣ "ስለሄዱት ስናለቅስ ከርመን አንተም ትሄዳለህ?" ብሎ ሲጮህበት ሞተሩን አጥፍቼ ነበርና ሰማሁ። ከሪም የከበሮ መምቻዎቹን በርሜሉ ላይ አኖረ። "አንተ ወፍጮ ትወርሳለህ። እኛ ስድስት ወንድማማቾች ነን፤ አንድ ሚኒባስ ለስድስት ይቆረጣል?" አለው። ሳይሰነባበቱ ተለያዩ።

ከሪም ደቡብ አፍሪካ ገባ፤ ብዙ ሳይቆይ ምሕረቱም ተከተለው። ልጄ ጊታሩን ታቅፎ ሳይነካው መጋዘኑ ውስጥ ይውል ጀመር። እናቱ ምግብ ታስገባለች፣ መልሳ ታወጣለች። ሻንጣ የማይይዝ መስሎኝ የነበረው እጅ በመጨረሻ ቁልፉን ሚዛኔ ላይ አስቀምጦልኝ ወደዚያው ሄደ።

አሁን ኢሞ ሲጠራ ሞተሩን አጠፋለሁ፤ ደንበኞቼ ለምደው ይጠብቁኛል። የልጄ መልክ እየተቆራረጠ ይመጣል፤ ከሰላምታም በፊት የሚለኝ ያንኑ ነው፦ "አባ፣ ይሰማሃል?"

"ይሰማኛል!" እላለሁ፣ ቤቱ እስኪያስተጋባ። ጊታር ነክተህ ታውቃለህ ወይ ስለው ሱቁ ጊዜ አይሰጥም ይለኛል። ከሪም ከእሱ ሁለት ሰፈር አልፎ ነው የሚኖረው፤ አይጠያየቁም።

እንግዲህ ልደምረው። የከሪም አባት ሐጂ የቤታቸውን ትልቅ ሳቅ አጡ። መምህሩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቤዝ ጊታር ቀራቸው። አቶ ላምቦሬ ላይኛውን ድምፅ የሚይዝ መዘምር እስከ ዛሬ ይፈልጋሉ። ከሦስት ቤት ሦስት ልጅ ሄደ፤ ለእኔም ከአንድ የሳንቃ በር ማዶ በየቀኑ የነበረውን ድምፅ፣ ወፍጮ አስቁሜ፣ ኔትወርክ ለምኜ መስማት ደረሰኝ።